ያልተበሳው ድንጋይ

ሚኒባሷ ከሮቤ ወጥታ የጎባን አስፋልት ስትይዝ ሰማዩ በሳነቴ ተራራ በኩል ጠቁሮ ነበር። ወዚር የመስኮቱን እንፋሎት በመዳፉ እየጠረገ ደጋግሞ ወደዚያ ያያል። ጭኑ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅባትና የጉልበት ማሰሪያ ይዟል። ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ ዕለቱ ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ዛላው ሞልቶ ገና ቢጫ መምታት መጀመሩ ነበር።

«ይቺ ደመና አላማረችኝም» አለ ሾፌሩ።

«ንዳው እባክህ» አለው ወዚር ከኋላ። «ሳይጥል አድርሰኝ።»

አልደረሱም። መንገዱን ሳያጋምሱ የመጀመሪያው በረዶ የሚኒባሷን ጣሪያ ኳ አደረገው። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም መቁጠር እስከማይቻል ድረስ ወረደ። ሾፌሩ ፊቱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ እንደ ኤሊ መሄድ ጀመረ። ከወዚር አጠገብ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገፈው፣ «ያ ረቢ! ስንዴዬ! ያ ረቢ!» እያሉ በመስኮቱ ወደ ማሳው አፈጠጡ። ተሳፋሪው ሁሉ ስለ አዝመራው ያወራል። ወዚር የሚያስበው ስለ አንድ ጣሪያ ብቻ ነበር።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ መሮና መዶሻ ይዞ ጀምሮ በጎባና በአካባቢዋ ስሙ የታወቀ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ ኖሯል። አሁን ግን የእናቶች ማቆያው የጥገና ሠራተኛ ነው። ማቆያው ከሪራ ጫካ፣ ከብድሬና ከሌላም ሩቅ አገር የመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት፣ ሕዝቡ አዋጥቶ ያሠራው ቤት ነው። ንድፉን የሠራችው ከአዲስ አበባ የመጣች ሮሚ የምትባል አርክቴክት ነበረች፤ ሰዉ ሁሉ ኢንጂነር ይላታል። ቦታው ላይ ያገኘችውን አሮጌ ኮሶ አላስቆርጥም ብላ ቤቱን በዙሪያው አዞረችው። ከኮሶው ሥር በደረጃ የሚወረድበት ጎድጎድ ያለ የአትክልት ቦታ አበጀች። «ምጥ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል» ትል ነበር።

ጣሪያው ወደ አትክልቱ ያዘነብላል። በጠርዙ ላይ፣ አሸንዳው እንዳይታይ፣ ጉልበት የሚደርስ የተጠረበ ድንጋይ ተደርድሯል። አርባ ድንጋይ። ወዚር ሁለት ዓመት ሙሉ የጠረበው ነው፤ በያንዳንዱ ላይ የኮሶ ቅጠልና ቁልቁል የተንጠለጠለ የኮሶ አበባ አለ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ እስከመምጣት ደርሰው ነበር።

ሮሚ መጀመሪያ ስትነድፈው በድንጋዮቹ ውስጥ ሦስት ቀዳዳ አስቀምጣ ነበር። «የአሸንዳው ቱቦ የተደፈነ ቀን ውሃው በዚህ ይወጣል» ብላ ወረቀቱን ስታሳየው ወዚር ደሙ ፈላ። ያን ያህል የደከመበትን ድንጋይ እንደ ቁራጭ ቧንቧ ሊበሱት! ለመናት። ተቆጣ። ተመልሶ ለመናት። እሷም ድንጋዩን በእጇ ዳበሰችና ልቧ ከሱ ጋር ሄደ።

«በየሳምንቱ ወጥቶ አሸንዳውን የሚያጸዳ ሰው ካለ ይቅር» አለችው።

«እኔ አለሁ» አላት ወዚር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሉን ጠበቀ። በየዓርቡ ጠዋት፣ ለጁምዓ ከመታጠቡ በፊት፣ ከግቢው ጀርባ የእንጨቱን መሰላል አምጥቶ ይወጣና ቅጠሉን በእጁ ይዝቃል። ዘንድሮ ግን ግራ ጉልበቱ ከዳው። ባለፈው ዓርብ አልወጣም፣ ዛሬም አልወጣም። ኮሶው አበባውን በሚያረግፍበት ወር ሁለት ዓርብ! ለማንም አልተናገረም። «ወዚር ደከመ» እንዳይባል ዛሬም ጉልበቱን ለመታየት ወደ ሮቤ የሄደው በስውር ነበር።

ስልኩ ጮኸ። የማቆያው ኃላፊ፣ አዋላጇ ሲስተር ሙሉሃብት ነበረች።

«ኦቦ ወዚር፣ የት ነዎት?»

«መንገድ ላይ ነኝ። ምን ሆነ?»

«የመሃለኛው ክፍል ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ ወደ ታች ተነፍቷል። በአምፖሉ በኩል እየወረደ ነው።»

«ቆጣሪው ይጥፋ። ሁሉንም አውጪ፣ ሲስተር! ወደ ፊት ለፊቱ አዳራሽ፣ አሁኑኑ!»

«አሥሩ ወጥተዋል። እነሱ እንደወጡ የኮሪደሩ ኮርኒስ ከነእንጨቱ ወርዶ በሩን ዘጋብን። እኔና ሳቢሪን ውስጥ ነን።» ድምጿ ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ። «ምጧ ድንገት ነው የመጣው። የልጁ ራስ እየታየኝ ነው።»

«በአትክልቱ በኩል ያለው በርስ?»

«አትክልቱ ሞልቷል። በረዶና ውሃ ነው፤ በሩን ከውጭ ገፍቶ ይዞታል። ዘበኛችን ዘውገ ሊከፍት ሞክሮ አቃተው። አምቡላንሱንም ጎርፍ አቁሞታል። ኦቦ ወዚር፣ ይሄ ነገር ሊወርድብን ነው?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ሚኒባሷም ጎባ ለመግባት ትንሽ ሲቀራት ቆመች። ከፊት ለፊት ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦ ድንጋይ እያንከባለለ ይሄዳል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወዚር በሩን ከፈተና ወረደ።

«አባባ! ምን ነካዎት? ይወስድዎታል!» አለ ረዳቱ።

አልሰማውም። ውሃው እስከ ጉልበቱ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉትን ባህር ዛፎች እየያዘ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቅብ ነው፤ የሚያመውን እግሩን እየጎተተ ሮጠ። ሩጫ ሊባል ከቻለ። በረዶው ጆሮውንና ማጅራቱን ይቀጠቅጠዋል። «ያ አላህ፣ እኔን ውሰድ» ይላል እየደጋገመ። «እኔ ነኝ ያላጸዳሁት። እነሱ ምን አደረጉ?» የጎባ የመጀመሪያ ቤቶች ጋ ሲደርስ አንድ ባጃጅ ተጠግቶ ቆሞ አገኘና፣ ሾፌሩን በአላህ ስም ለምኖ እስከ ማቆያው በር ደረሰ።

አሥሩ ነፍሰ ጡሮች በአዳራሹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተፋፍገዋል። አንዳንዷ ታለቅሳለች፣ አንዳንዷ ዱዓ ታደርጋለች። ዘበኛው ዘውገ በዝናቡ ውስጥ ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ድሮ ወታደር የነበረ ሰው ነው። እንደዚህ ፊቱ አመድ መስሎ ወዚር አይቶት አያውቅም።

«ጋሽ ወዚር፣ በሩን በእጄ ብስበው፣ በፌሮ ብፈነቅለው እንቢ አለኝ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል።»

ጎድጎድ ያለው አትክልት ኩሬ ሆኗል። ነጭ በረዶና ቀይ የኮሶ አበባ ተደባልቆ በላዩ ይንሳፈፋል። ከውሃው ወዲያ፣ ከተዘጋው በር ውስጥ፣ የሳቢሪን ጩኸት ይመጣል። የማር ቆራጭ ሚስት ናት፣ ከሪራ። ሃያ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያዋ ነው። «ሃዳ ኮ! ሃዳ ኮ!» እያለች እናቷን ትጠራለች።

«መሰላሉን!» አለ ወዚር።

ዘውገ መሰላሉን ደግፎ ያዘለት። በቀኝ እግሩ እየረገጠ፣ ግራውን እየጎተተ ወጣ። ላይ ደርሶ ሲያይ አሸንዳ የሚባል ነገር የለም። ከድንጋዩ እስከ ቆርቆሮው መሃል ድረስ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። በላዩ በረዶው እንደ ጨው ክምር ተቆልሏል። ገባበት። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ የቱቦውን አፍ ፈለገ። ያገኘው በበረዶ ተጠቅጥቆ እንደ ጭቃ የጠነከረ የሁለት ሳምንት አበባ ነው። እፍኝ ያወጣል፣ በቦታው ሁለት እፍኝ ይገባል። ጣቶቹ ደነዘዙ። ከእግሩ ሥር ጣሪያውን የተሸከመው ወራጅ እንጨት ሲያቃስት በአጥንቱ ተሰማው።

«ሲስተር!» ብሎ ቁልቁል ጮኸ።

«ኦቦ ወዚር! መጡ?» የሙሉሃብት ድምፅ ከኮርኒሱ ሥር ታፍኖ መጣ። «የልጁ ትከሻ ተይዞብኛል። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ እባካችሁ፣ ትንሽ ጊዜ!»

የሚሰጣት ጊዜ አልነበረውም። ያለው ድንጋይ ነው። ከፊቱ፣ አሸንዳው በጣም ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ ያለውን ድንጋይ አየው። በአርባው ውስጥ ሃያኛው ነው፤ እጁ በሥራው ከተፈታ በኋላ የጠረበው፣ ከሁሉም የሚወደው። ይህ ድንጋይ ከወጣ ውሃው ሁሉ በዚያ ይሄዳል።

ግን የት? ቁልቁል አየ። በቀጥታ ወደ አትክልቱ፣ በተዘጋው በር ላይ። የጣሪያው ውሃ ኩሬው ላይ ከተጨመረ በበሩ ሥር ገብቶ ሁለቱን አልጋቸው ላይ ያገኛቸዋል።

«ዘውገ! ኮሶው ሥር የብረት ወንፊት አለ። የአትክልቱ ውሃ መውረጃ ነው። ሳይከፈት እዚህ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ዘውገ ካፖርቱን ወርውሮ ገባ። ውሃው ወገቡ ደረሰ። የኮሶውን ግንድ በአንድ እጁ አቅፎ በእግሩ ዳሰሰ፣ ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ራሱን ደፈቀ። ብቅ አለ። «አገኘሁት! ተጣብቋል!» ተመልሶ ደፈቀ። ወዚር ቆጠረ፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። ዘውገ ፊቱ ጠቁሮ ብቅ ሲል በሁለት እጁ ወንፊቱን ይዞ ነበር። ከአጠገቡ ውሃው ዞሮ፣ አበባውን ይዞ፣ ወደ መሬት መስረግ ጀመረ።

«መዶሻውን ስጠኝ! ትልቁን! ከዚያ ከበሩ ፊት ዞር በል!»

ዘውገ መዶሻውንና መሮውን አምጥቶ በመሰላሉ አቀበለውና ዞር አለ። የመጀመሪያው ምት መዶሻውን መልሶ ክንዱን አደነዘዘው። ድንጋዩ ላይ ነጭ ጭረት ብቻ ታየ። በሲሚንቶ አጣብቆ በፌሮ ያሰረው ራሱ ነው፤ መቶ ዓመት ይቆያል ብሎ ለሰው ሁሉ የማለውም ራሱ ነው። ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛውን። መገጣጠሚያው ላይ መሮውን አስገብቶ ደግሞ መታ። እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ትኩስ ነገር ጉንጩ ላይ ሲወርድ ነው። ከሥሩ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረና ከቤቱ ውስጥ ሲስተር ሙሉሃብት ጮኸች። እስካሁን እየጮኸች የነበረችው ሳቢሪን ነበረች፤ ይህ ግን የሙሉሃብት ድምፅ ነው።

ወዚር ያደረገውን ከዚያ በኋላ በደንብ አያስታውሰውም። ዘውገ ሲናገር «መዶሻውን እንደ ዕብድ ነበር የሚሰነዝረው» ይላል። ድንጋዩ መጀመሪያ አበባው ላይ ተሰነጠቀ። የላይኛው ግማሽ ወደ አትክልቱ ወደቀ። በሚቀጥለው ምት የታችኛው ከነፌሮው ተጠማዘዘና ውሃው ራሱ ገፍቶ ጣለው። የጣሪያው ውሃና በረዶ አንድ ላይ ሲሄድ ወዚርን እግሩን መትቶ ሊወስደው ነበር፤ ሃያ አንደኛውን ድንጋይ በሁለት ክንዱ አቅፎ ቀረ።

ከታች ያለው ውሃ መጀመሪያ ከፍ አለ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ዘውገ በረዶውን በአካፋ ከበሩ ላይ ጠረገና ፌሮውን አስገብቶ ፈነቀለው። ከጨለማው ውስጥ፣ ከወደቀው ኮርኒስ ሥር፣ ቀጭን የሕፃን ልቅሶ ወጣ።

ወዚር ከመሰላሉ ሲወርድ ሳቢሪን በፍራሽ ላይ ወደ አዳራሹ ስትገባ ደረሰ። ልጇን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሲስተር ሙሉሃብት ከኋላ በእግሯ መጣች። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋለች፤ ከእጅ አንጓዋ በላይ አጥንቱ የማይሆን ቦታ ላይ ተጣሟል። ኮርኒሱ ሲወርድ ልጁ ከወጣ ገና ቅጽበት ነበር። ክንዷን በላዩ ዘረጋችበት።

«ሴት ናት» አለችው። ከንፈሯ ነጭ ነው። «እትብቷን በግራ እጄ ነው የቆረጥኩት።» ከዚያ አምቡላንሱ እስኪመጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ወዚር ነበር። ከመስጊድ ሲወጣ ሰው እጁን ይስመዋል። የሳቢሪን ባል ሁለት ገንቦ ማር ተሸክሞ ከሪራ መጥቶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ወዚር በግድ አነሣው። ማሩን አልቀምሰውም አለ፤ ቤተሰቡ ትሕትና መሰላቸው። ሌሊት ሌሊት የማቆያው ጣሪያ ማቃሰት ጆሮው ላይ እየመጣበት ቁጭ ብሎ ያነጋል።

ሰኞ ዕለት ሮሚ ከአዲስ አበባ ደረሰች። በግቢው ውስጥ ብቻዋን ዞረች። አትክልቱ ውስጥ ተከስክሶ የወደቀውን ድንጋይ አየች፣ መሰላሉን ነቀነቀች፣ ኮሶውን ቀና ብላ ተመለከተች። ከዚያ ወዚርና ሲስተር ሙሉሃብት ወደ ተቀመጡበት አግዳሚ መጣች። የሙሉሃብት ክንድ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ ጣቶቿ እንደ ድሮው ይሁኑ አይሁኑ ገና አይታወቅም ብሏታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሮሚ ሳትቀመጥ። «ሦስት ቀዳዳ ነድፌ ነበር። አጠፋሁት። አንድ ሰው በየሳምንቱ እየወጣ እንዲያጸዳው ብዬ ቤቱን አምሮ እንዲታይ አደረግሁ። ሰው ይታመማል፣ ያረጃል፣ ይሄዳል፤ አላሰብኩትም። መሰላል እንኳ አልተከልኩለትም፣ ፊት ለፊቱን ያበላሸዋል ብዬ። ለኮሚቴው እንደዚህ ብዬ እጽፋለሁ።»

ነገሩ በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። ወዚር መሬት መሬት ያያል። ሮሚ ጥፋቱን ጠቅልላ ወስዳዋለች፣ ስሙ በከተማው ገኗል፣ የሚጠይቀውም የለም።

«ቀዳዳውን ያስጠፋኋት እኔ ነኝ» አለ። «ኢንጂነር ትክክል ነበረች። ድንጋዬን አትንኪብኝ ብዬ ለመንኳት።»

«ኦቦ ወዚር፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሮሚ።

«ገና አልጨረስኩም።» ወደ ሲስተር ሙሉሃብት ዞረ፤ ዓይኗን ለማየት ብርታት አጣና ጀሶውን አየ። «ሁለት ዓርብ አልወጣሁም፣ ሲስተር። ጉልበቴ እንቢ አለኝ። አበባው እንደሚረግፍ አውቃለሁ። ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል ስል ቆየሁ። ብነግርሽ ሌላ ሰው ታወጪ ነበር። ደከመ እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

ከአዳራሹ በኩል የሴቶች ወሬ ይሰማል።

«ሁለት ዓርብ» አለች ሙሉሃብት።

«ሁለት ዓርብ።»

«እኔ በየቀኑ በዚህ በር አልፋለሁ። ሲያነክሱ አይቼዎታለሁ።» የታሰረውን ክንዷን ወደ ደረቷ ሳበች። «ብዙ ልናገርዎት እችላለሁ። አልናገርም። ይቅር ብዬዎታለሁም አልልም፣ ዛሬ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ኢንጂነር መሰላል ታስተክላለች፣ ሰፊ፣ መደገፊያ ያለው። ያኔስ መውጣት ይችላሉ?»

«አዎ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለማንኛውም ሥራ የመለሰው መልስ እሱ ነው።

«አልችልም» አለ ወዚር።

ሮሚ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። በጣሪያው ላይ የተጋደመው ቅርንጫፍ በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት እንዲገረዝ፣ ግንዱ ግን እንዳይነካ። የአትክልቱ መውረጃ ሁለት እንዲሆን። ድንጋዩ የወጣበት ቦታ እንደተከፈተ እንዲቀር፣ ግራና ቀኙም ሌላ ሁለት እንዲከፈት። «የትኞቹ ይሁኑ?» ብላ ስትጠይቀው አሥረኛውንና ሠላሳኛውን አላት።

ሲስተር ሙሉሃብት ተነሥታ ዘበኛውን ጠራችው። «ዘውገ! ዛሬም ከሰዓት ይዘንባል። ና፣ ኦቦ ወዚር ያሳዩሃል።»

ዘውገ ወጣ። ወዚር ከታች ቆሞ መሰላሉን ያዘ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እሱ ታች ሆኖ ሌላ ሰው ላይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«እጅህን እስከ ክርንህ አስገባ» ይለዋል። «ከላይ ያለውን ብቻ አትይ። ከሥር ነው የሚደፍነው። አሁን ወደ ግራ። አለ፣ ሌላም አለ፣ ማውጣትህን እንዳታቆም።»

የጠቆረ አበባ ከላይ እየመጣ እግሩ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ወዚር መሰላሉን በአንድ እጁ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ፣ ቱቦው በሚወርድበት በኩል ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ፣ ከግንቡ ውስጥ፣ አሸንዳው ሥር ተኝቶ የቀረው ውሃ ሲጉረመርም ሰማ።

«ወረደ» አለ።